ጠረጴዛ ለሁለት፦ ምግብ የሚወዱ ጥንዶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

አብረው ምግብ ቤት መሄድ የሚወዱ ሁለት ሰዎች ጥያቄያቸው ሜኑ ላይ ይጀምርና የጣማቸውን ምግብ ቤታቸው መሥራት ላይ ይደርሳል። መልሶቹም በዚያው ቅደም ተከተል ቀርበዋል።

ሁለት ሆነን ስንሄድ ስንት ዓይነት ምግብ እንዘዝ?

ሁለት ማስጀመሪያ፣ አንድ ዋና ምግብ፣ አንድ አትክልት። ይህ ብዙ ቦታ ሁለት ሰው ያጠግባል፤ ጎደለ ከተባለም መጨመር ይቻላል። ብዙ ጥንዶች የሚሳሳቱት እያንዳንዳቸው ማስጀመሪያና ዋና ምግብ አዝዘው ዋናው ሲመጣ ሆዳቸው ሞልቶ ስለሚገኝ ነው። ከዋናው ቀንሳችሁ ማስጀመሪያው ላይ ብትጨምሩ ይሻላል። ሼፉ አዲስ ነገር የሚሞክረው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ ዋናው ምግብ ላይ ደንበኛው የለመደውን ስለሚጠብቅ እጁ ይታሰራል።

ምግቦቹ እንዳይመሳሰሉ ተጠንቀቁ። አንዱ በዘይት የተጠበሰ ከሆነ ሌላው ጥሬ ወይም የተቀቀለ ይሁን፤ አንዱ ክሬም ካለበት ሌላው ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ይኑርበት። አይብ የበዛባቸው ሁለት ሳህኖች ጎን ለጎን ሲቀርቡ እያንዳንዳቸው ግሩም ቢሆኑም እንኳ ጥቂት ከተበላ በኋላ ይሰለቻሉ። ጥፋቱ የምግብ ቤቱ ሳይሆን የአዘዛዙ ነው።

አስተናጋጁ ትእዛዝ ሲቀበል «የምንካፈለው ነው፣ ተራ በተራ ይምጣልን» በሉት። ካልተነገረው ሁሉም እንደደረሰ ይመጣል፤ ጠረጴዛው ይሞላል፣ አንዱን ስትበሉ ሌላው ይቀዘቅዛል። ቀድሞ ከተነገረው ግን ኩሽናው ሾርባውን በሁለት ሳህን ከፍሎ ሊልክ ይችላል። በርገርና ተደራርቦ የተሠራ ሳንድዊች ለመካፈል አይመቹም፤ ሲቆረጡ ይፈርሳሉ።

ሜኑውን ብቻ አይቶ የኩሽናውን አቅም ማወቅ ይቻላል?

በጥቂቱ ይቻላል። ሰማንያ ዓይነት ምግብ የሚያቀርብ ትንሽ ምግብ ቤት ሁሉንም ትኩስ አድርጎ ሊያዘጋጅ አይችልም፤ የሚበዛው ከማቀዝቀዣ የሚወጣ ነው። ግን ቁጥሩን ብቻ አትዩ። አንድ ዓይነት ፓስታ በአሥር ዓይነት ስጎ የሚያቀርብ ቤት ሜኑው ይረዝማል እንጂ ኩሽናው ያው ጥቂት ነገር ነው የሚያዘጋጀው። የሚያሳስበው ከአምስት አገር የተሰበሰበ፣ እርስ በርሱ አንድም ግብዓት የማይጋራ ዝርዝር ነው። ዓሣው በአንድ ምግብ ውስጥ ብቻ ካለና ያን ምግብ የሚያዝ ሰው ከጠፋ፣ ያ ዓሣ ስንት ቀን እንደተቀመጠ አስቡት።

አስተናጋጁን «ምን ጥሩ ነው?» ብትሉት «ሁሉም ጥሩ ነው» ይላችኋል፤ ሌላ ምን ይበል? ምርጫችሁን ሁለት ላይ አድርሳችሁ «ከነዚህ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» በሉት። ያኔ እውነተኛ መልስ ታገኛላችሁ። «ዛሬ ትኩስ የገባው ምንድነው?» የሚለውም ጥሩ ጥያቄ ነው።

የማታውቁት ቤት መጀመሪያ ስትሄዱ አንዳችሁ ቀላል ነገር እዘዙ፦ ኦምሌት፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ የቲማቲም ስጎ ያለው ፓስታ። እነዚህ ውስጥ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለም። ሌላችሁ ደግሞ ቤቱ የሚታወቅበትን ምግብ ይዘዝ።

መቼ ብንሄድ ይሻላል?

ሥራ በማይበዛበት የሥራ ቀን፣ በር ከተከፈተ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። እሳቱ ግሏል፣ ግብዓቱ አላለቀም፣ ሼፉም ሳህኑን ለማየት ጊዜ አለው። ኩሽናው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መግባት ግን ለማንም አይበጅም። አዲስ የተከፈተ ቤት ከሆነ ጥቂት ሳምንታት ታገሡት፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሠራተኛው ሥራውን የሚለማመድባቸው ናቸው።

የሚሽለን ኮከብ ምን ይነግረናል?

የሳህኑን ነገር ብቻ። ኮከቡን የሚሰጠውን የሚሽለን መመሪያ መጽሐፍ ወንድማማቾቹ የጎማ አምራቾች አንድሬና ኤዱዋር ሚሽለን እ.ኤ.አ. በ1900 በፈረንሳይ ለአሽከርካሪዎች በነፃ አደሉት፤ ሰው ብዙ ከተጓዘ ጎማ ይገዛል በሚል ስሌት። ኮከብ መስጠት የተጀመረው በ1926 ነው፤ ሁለትና ሦስት ኮከብ በ1931 ተጨመሩ። ሁለት ኮከብ «መንገድ ቀይሮ ሊሄዱበት የሚገባ»፣ ሦስት ኮከብ «ለእሱ ብቻ ተብሎ ጉዞ የሚያስነሣ» ማለት ነው። መርማሪዎቹ የሚመዝኑት የግብዓቱን ጥራት፣ የአሠራሩን ብቃት፣ የጣዕሙን ስምምነት፣ የሼፉን የራሱን አሻራ፣ ከዚያም ምግቡ በየጊዜው ያው መሆኑን ነው። የወንበሩ ምቾትና የክፍሉ ውበት ለኮከብ አይቆጠሩም።

በየሳምንቱ ለምትወጡ ጥንዶች ከኮከቡ ይልቅ ቢብ ጉርማን የሚባለው ምልክት ይጠቅማችኋል፤ በመጠነኛ ዋጋ ጥሩ ምግብ ለሚያቀርቡ ቤቶች የሚሰጥ ነው። ኮከብ ያለው ቤት ካማራችሁ የምሳ ሜኑ እንዳለ ጠይቁ፤ ያው ኩሽና፣ ከእራቱ ያነሰ ሒሳብ። ሼፉ ራሱ የሚመርጠው ባለብዙ ሳህን ሜኑ ሲሆን ብዙ ቤቶች አንዱ ብቻ እንዲያዝ አይፈቅዱም፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል መጀመሪያ በሚመጣው ዳቦ አትጥገቡ፤ ከባድ ፈተና መሆኑን እናውቃለን።

አንዳችን የሚያቃጥል እንወዳለን፣ አንዳችን አንችልም። እንዴት እንካፈል?

ማቃጠል ጣዕም ሳይሆን ስሜት ነው። በርበሬና ቃሪያ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ሙቀትን የሚያውቀውን የነርቭ ተቀባይ ይነካል፤ አንጎል እንደ እውነተኛ ቃጠሎ የሚያነበው ለዚህ ነው። ይህን ተቀባይ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 ለኖቤል ሽልማት ከበቁት አንዱ ነው። አዘውትሮ የሚበላ ሰው ስሜቱ ይደነዝዝለታል፣ ስለዚህ የማይችለውን «ትንሽ እኮ ነው» ብሎ ማስገደድ ፍትሕ አይደለም። እሱ የሚሰማውን እናንተ አትሰሙትም።

መፍትሔው ምግቡን ለማይችለው ሰው ልክ አዝዞ የሚያቃጥለውን በጎን ማስመጣት ነው። ከተጨመረ በኋላ ማውጣት አይቻልም። አፍ ሲቃጠል ውኃ አይረዳም፤ ካፕሳይሲን በስብ እንጂ በውኃ አይሟሟም። ወተት ወይም እርጎ ግን ያነሣዋል፣ በተለይ ካዜይን የተባለው የወተት ፕሮቲን።

የድንብላል ቅጠል ለአንዳችን ሳሙና ሳሙና ይላል። እውነት ነው ወይስ ምናብ?

እውነት ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያሉት አልዲሃይድ የተባሉ ውህዶች ሳሙና ውስጥም ይገኛሉ፤ ኦአር6ኤ2 ከተባለው የሽታ ተቀባይ ጂን ጋር በተያያዘ አንዳንድ ሰው ይህን ሽታ አጉልቶ ይሰማዋል። ቅጠሉ ሲወቀጥ ውህዶቹ ስለሚሰባበሩ እንደ ስጎ ተፈጭቶ ሲቀርብ የሚቀልለው ሰው አለ። ካልቀለለው ተዉት፤ ፓርስሊ ይተካዋል።

ስቴክ ላይ አንዳችን ቀላ ያለ፣ አንዳችን በደንብ የበሰለ እንወዳለን። አንድ ማዘዝ እንችላለን?

ትችላላችሁ። ወፍራሙን ቁራጭ ሚዲየም ሬር (መሐሉ ቀላ ያለ) አድርጋችሁ እዘዙና ተቆርጦ እንዲመጣ ጠይቁ፤ የበሰለ የሚወደው ሰው ድርሻ አንድ ደቂቃ መጥበሻ ላይ ይመለስለት። ያነሰ ብስለት ይጨመርለታል፣ የበሰለ ግን ወደ ኋላ አይመለስም።

የውስጥ ሙቀቱ በሴንቲግሬድ ሲለካ ሬር ከ49 እስከ 52፣ ሚዲየም ሬር ከ54 እስከ 57፣ ሚዲየም ከ60 እስከ 63፣ ዌል ደን (በደንብ የበሰለ) ከ71 በላይ ነው። ሳህን ላይ የሚወርደው ቀይ ፈሳሽ ደም አይደለም፤ ማዮግሎቢን የተባለ የጡንቻ ፕሮቲን ያቀላው ውኃ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለሙሉ ቁራጭ ሥጋ የሚመክረው 63 ዲግሪና 3 ደቂቃ ማሳረፍ ነው፣ ስለዚህ ነፍሰ ጡር ወይም የሕመም መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ከዚያ በታች አይብላ። በርገር ግን ለማንም ቢሆን 71 ይድረስ፦ ባክቴሪያ የሚቀመጠው በሥጋው ገጽ ላይ ነው፣ ሲፈጭ ግን ገጹ ወደ ውስጥ ይገባል።

የመጣው ምግብ ልክ ካልሆነስ?

በሁለት ሦስት ጉርሻ ውስጥ ተናገሩ። ግማሹን በልቶ መመለስ አስተናጋጁንም ያስቸግራል። «አልጣመኝም» ከማለት የሚታየውን ንገሩት፦ «ሚዲየም ሬር አዝዘን ውስጡ ግራጫ ሆኗል»፣ «ዶሮው አጥንቱ ጋ ጥሬ ነው»፣ «መሐሉ ቀዝቃዛ ነው»። እንዲህ ሲባል ኩሽናው ምን እንደሚያስተካክል ያውቃል። ስህተት ሳይኖርበት እናንተ ያልወደዳችሁት ምግብ ግን የእናንተ ሒሳብ ነው።

ጥንዶችን የሚያናድደው አንዱ እየበላ አንዱ ባዶ ጠረጴዛ ይዞ መቀመጡ ነው። ምግቡ ሲመለስ የቀረውን ሳህን መሐል አድርጋችሁ አብራችሁ ጀምሩ፤ ተስተካክሎ የመጣውንም እንደዚያው ተካፈሉት።

ወይን ጠጁን ለመቅመስ ሲቀዳልን ምን እንድንል ነው የሚጠበቀው?

ወደዳችሁት ወይ ተብላችሁ አይደለም። የተበላሸ መሆን አለመሆኑን እንድታዩ ነው። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ ቡሹ ቲሲኤ በተባለ ውህድ ተበክሏል፤ ተናገሩ፣ ሌላ ጠርሙስ ይመጣል። ካልሸተተ «ጥሩ ነው» ማለት ይበቃል። ማሽተቱ ብቻ በቂ ስለሆነ አንዳችሁ ባትጠጡም ልታሸቱት ትችላላችሁ።

ምግብ ቤት የወደድነውን ቤት ስንሠራው ለምን አንድ ዓይነት አይሆንም?

ብዙ ሰው ምሥጢራዊ ቅመም ይጠረጥራል። ልዩነቱ ያለው ጨው፣ እሳትና ኮምጣጣ ላይ ነው።

ምግብ ቤት ጨው የሚጨምረው በየደረጃው ነው፦ ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ሥጋው ሲገባ፣ በመጨረሻም ሲቀመስ። ቤት ውስጥ መጨረሻ ላይ ብቻ ሲነሰነስ ምላስ ላይ ጨው ጨው ይላል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሁለተኛው እሳት ነው። ምግብን ቡናማ የሚያደርገውና ያን የጥብስ ጠረን የሚሰጠው ለውጥ፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ-ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው፣ በፍጥነት የሚሄደው ከ140 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። ውኃ ግን ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ስለዚህ እርጥብ ሥጋ መጥበሻ ላይ ቢጣል ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። አንድ መጥበሻ ላይ አምስት ቁራጭ ማጨቅም ያው ነው፦ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ጭማቂው ይወጣል፣ ሥጋው ግራጫ ይሆናል። ሦስተኛው ኮምጣጣው ነው። ጨው ጨምራችሁም ምግቡ ፍዝ ካለ፣ ተጨማሪ ጨው ሳይሆን አምስት ጠብታ ሎሚ ይሞከር።

ለሁለት ሰው ስቴክ እንዲህ ይሠራል። 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው 250 ግራም ገደማ የሆኑ ሁለት ቁራጮች ውሰዱ። ጨው የምታደርጉት ወይ ቢያንስ ከ40 ደቂቃ በፊት ነው ወይ ልክ መጥበሻ ላይ ሲገባ። በመሐል፣ አሥርና ሃያ ደቂቃ ላይ፣ ጨው የሳበው ውኃ ገጹ ላይ ተንጣሎ ይገኛል፤ ወደ ሥጋው ተመልሶ ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል። በሶፍት ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት። ወፍራም የብረት መጥበሻ 5 ደቂቃ ይጋል፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ ዘይት ይግባ፣ ጭስ ብልጭ ሲል ሥጋውን አስገቡ። በየደቂቃው ገልብጡት፤ ደጋግሞ መገልበጥ ሁለቱን ጎን እኩል ያበስላል። አምስት ደቂቃ ገደማ ሲሞላ እሳቱን ቀንሳችሁ 30 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ሁለት የተፈነከተ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ዘለላ ጦስኝ ጨምሩ። መጥበሻውን ዘንበል አድርጋችሁ የሚንቸፈቸፈውን ቅቤ በማንኪያ እየቀዳችሁ አንድ ደቂቃ አፍስሱበት። ቅቤውን ከመጀመሪያው ብትጨምሩት ያርርና ይመራል። ቴርሞሜትሩ 52 ሲል አውጡ፤ ከእሳት ወርዶም ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። 6 ደቂቃ ይረፍ።

እስከዚያ ስጎውን። ጥቁር ያረረ ነገር ካለ መጥበሻውን ጥረጉት፤ ቡናማው ግን ሀብት ነው። ከስቡ አንድ ሻይ ማንኪያ አስቀርታችሁ ሌላውን ድፉ፣ ደቆ የተከተፈ ትንሽ ሽንኩርት አንድ ደቂቃ አቁላሉ፣ 100 ሚሊ ሊትር መረቅ ጨምራችሁ ሥሩን በእንጨት ማንኪያ ፋቁ። ግማሹ እስኪቀር ይንተክተክ። መረቁ ጨው የሌለበት ይሁን፦ በግማሽ ሲቀንስ ጨዋማነቱ እጥፍ ይሆናል፣ ከኩብ የተሠራ መረቅ እዚህ ጋ ነው ጉድ የሚሠራው። ከእሳት አውርዳችሁ 25 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ በትናንሹ እየጣላችሁ መጥበሻውን አዙሩ፤ ስጎው ወፈር ብሎ ያብረቀርቃል። ከፈላ ይለያያል፣ ላዩ ላይ ዘይት ይንሳፈፋል። ያኔ አንድ ማንኪያ ውኃ ጨምራችሁ በኃይል አማስሉት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ጨውና ሎሚ በመጨረሻ።

የአይብና የቁንዶ በርበሬ ፓስታው ቤት ስንሠራው ይጓጉላል። ለምን?

ካቾ ኤ ፔፔ፣ የሮሙ፣ ሦስት ግብዓት ብቻ ስላለው ቀላል ይመስላል። አይቡ በጣም ሲሞቅ ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይቋጠራል፤ እንዳይጣበቅ የሚከለክለው የፓስታው ስታርች ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል፦ ስታርች የበዛበት ውኃና በረድ ያለ መጥበሻ።

ለሁለት ሰው 200 ግራም ስፓጌቲ በ1 ሊትር ተኩል ውኃ ብቻ ቀቅሉ፤ ውኃው ሲያንስ ስታርቹ ይወፍራል። አይቡ፣ ፔኮሪኖ የተባለው የበግ ወተት አይብ፣ በጣም ጨዋማ ስለሆነ ውኃው ውስጥ አንድ ሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። አንድ ሻይ ማንኪያ ተኩል ቁንዶ በርበሬ ሰባብራችሁ በደረቅ መጥበሻ ጠረኑ እስኪወጣ አምሱት፣ አንድ ጭልፋ የፓስታ ውኃ ጨምሩበት። 90 ግራም ፔኮሪኖ እንደ ዱቄት አድቅቃችሁ ፈግፍጉ፤ ሌላ ትንሽ የፓስታ ውኃ ቀድታችሁ ጥቂት ደቂቃ ካበረዳችሁ በኋላ አይቡን ወፍራም ሊጥ እስኪመስል በእሱ ለውሱት። ፓስታው ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው 2 ደቂቃ ሲቀረው ወደ መጥበሻው ይዛወርና እዚያ ይጨርስ። ከዚያ አውርዱት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ አይቡን ጨምራችሁ ፈጥናችሁ አማስሉ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ያችን አንድ ደቂቃ መታገሥ አቅቶት ነው። ተፈግፍጎ የታሸገ አይብም አትግዙ፤ ብዙው እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ዱቄት ስላለበት አቀላለጡ ይለያል።

የተረፈውን ይዘን ብንሄድስ?

ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ሰዓት ቁጠሩ። የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ 1 ሰዓት ብቻ። ከዚያ በኋላ ፊልም ልትገቡ ካሰባችሁ ምግቡን ተዉት። ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፣ ሲሞቅ 74 ይድረስ። ሩዝ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ ከመቀቀል ይተርፋል፣ ውጭ ሲያድር የሚያመነጨው መርዝም ቢሞቅ አይጠፋም። ፒዛ በደረቅ መጥበሻ አስቀምጣችሁ፣ ጎኑ ላይ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምራችሁ ክደኑት፤ ሥሩ ይጠበሳል፣ አይቡ ይለሰልሳል።

አንዳችን የምግብ አለርጂ አለብን። ምን እንጠንቀቅ?

ቦታ ስትይዙ ንገሯቸው፣ ስትቀመጡ ድገሙት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ምግብ ቤቶች 14 አለርጂ ቀስቃሽ ግብዓቶችን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ ሌላ ቦታ ጠይቁ እንጂ አትገምቱ። «ኦቾሎኒ አለበት?» ብቻ ሳይሆን «በዚሁ ዘይት ሌላ ምን ይጠበሳል?» በሉ። ጥንዶች የሚረሱት ደግሞ ሌላው የበላው መሆኑን ነው። አንዱ ኦቾሎኒ በልቶ ሌላውን ቢስም ምራቁ ውስጥ የቀረው ፕሮቲን አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል፣ ጥርስ መቦረሽ ብቻም ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። በዚያ ምሽት ሁለታችሁም ብትተዉት ይሻላል።

የወደድናቸውን ምግቦች እንዴት እናስታውስ?

ፎቶ መልኩን ይይዛል፣ ጣዕሙን አይይዝም። ከመተኛታችሁ በፊት ሦስት መስመር ጻፉ፦ የምግቡ ስም ሜኑው ላይ እንደተጻፈው፣ ውስጡ የለያችሁት ግብዓት፣ ሁለታችሁ ከአሥር የሰጣችሁት ነጥብ። ነጥቡን ሳትተያዩ ለየብቻ ስጡ፣ አለበለዚያ አንዱ የሌላውን ይከተላል። «በጣም ይጥማል» ብሎ መጻፍ ከወር በኋላ ምንም አይነግራችሁም፤ «ቆዳው ሲነከስ ይሰማል፣ ስጎው ውስጥ ብርቱካን አለ፣ ጨው በዝቷል» ግን ኩሽና ውስጥ ስትቆሙ ይመራችኋል። አጠራጣሪውን ግብዓት አስተናጋጁን ጠይቁ። ብዙ ሼፎች ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፣ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ደግሞ ይበልጥ።